መቁረጫ ነጥቡ የማን ነው?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ሃያ ጥያቄዎች አሉ፤ ሁሉም «አዎ» ወይም «የለም» ተብለው የሚመለሱ። ራስዎን ያመዎታል? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? እንቅልፍ ይነሳዎታል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ከወትሮው የበለጠ ያለቅሳሉ? ጠያቂው «አዎ» የተባለባቸውን ይደምራል። ድምሩ ከተወሰነ ቁጥር ሲደርስ መላሹ «የአእምሮ ጭንቀት ያለበት» በሚለው ረድፍ ይመዘገባል። ያ ቁጥር መቁረጫ ነጥብ ይባላል። ፈተና የተፈተነ ተማሪ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል።

መጠይቁ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤስአርኪው-20 ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምናገረው) የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ውጤት በ1980 ታትሟል። የተሞከረባቸው አገሮች ሱዳን፣ ኮሎምቢያ፣ ህንድና ፊሊፒንስ ናቸው። ሐሳቡ ቀላልና መልካም ነበር። ሳይካትሪስት በሌለበት አገር ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ ከተሰለፈው ሕዝብ መሃል በራስ ምታትና በጨጓራ ስም የመጣውን ጭንቀት እንዲለይ ነው።

መጠይቁ የሚፈልገው ሕመም ድሮ ኒውሮሲስ ይባል ነበር። ስሙን ያወጣው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ከለን ነው፤ በ1769። ትርጉሙ ሕመምተኛው ከእውነታው ሳይወጣ፣ ሥራውንም ሳይተው፣ ውስጥ ውስጡን በፍርሃት፣ በጭንቀት፣ በማያባራ የሰውነት ሕመም ሲሰቃይ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ በ1980 ባወጡት የምርመራ መጽሐፋቸው ቃሉን ከርዕስነት አነሱት። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በአሥረኛው የበሽታ ምደባው ከኤፍ 40 እስከ ኤፍ 48 ባሉት መለያዎች ሥር አቆይቶት፣ በ2022 ሥራ ላይ በዋለው አሥራ አንደኛው እሱም ተወው። አሁን «የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞች» ማለት ይቀናቸዋል። ስሙ ቢለዋወጥም ሰውዬው አልተለወጠም። እዚህ አገር «ልቤን ይመታኛል»፣ «ነርቭ ነው መሰለኝ»፣ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ይመጣል፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ከወር በኋላ ደግሞ ይመጣል። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ፊቱን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ጥያቄው፦ ሃያው ጥያቄ ይህን ሰው ያገኘዋል ወይ? በስንት ድምርስ?

ይህ ጥያቄ በአገራችን ቀድሞ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ፍራንክ ኮርትማን የሚባል ኔዘርላንዳዊ ሳይካትሪስት እዚያ ይሠራ ነበር። እሱና የሥራ ባልደረባው ቴን ሆርን በ1988 በእንግሊዞቹ የሳይካትሪ መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ከተጻፉት ሁሉ ብልሁ ነው። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ሰዎቹን መጠይቁን ከጠየቁ በኋላ «ጥያቄውን እንዴት ተረዱት? ለምን እንዲህ መለሱ?» ብለው ደግመው ጠየቁ። ያኔ ጉዱ ወጣ። ብዙ «አዎ» እና ብዙ «የለም» ከሕመሙ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። አንዱ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረድቶታል፤ ሌላው የተረዳው ቢሆንም መልሱን የመረጠው በሌላ ምክንያት ነው። ኮርትማን ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ጽሑፍ የመጠይቁን ጉድለት በሰፊው ተናገረ።

ሁለቱን ነገሮች፣ መረዳትንና ምክንያትን፣ ወደዚህ ወደ ወሎ ቦረና እናምጣቸው። እስቲ አንድ ቤት እንግባ። ቤቱ የታሰበ ነው፤ ነገር ግን ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዓይነት ቤት ነው።

ጠያቂው ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ነው። ወረቀቱ «እርስዎ» ይላል፤ እሱ ግን የአገሩ ልጅ ነውና «አንቱ» ይላቸዋል። ደግ አደረገ። «እማማ፣ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ደስተኛ አልነበሩም?» ይላቸዋል። እማማ «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለኝ ልጄ» ይላሉ። ጎረቤታቸው ብትሆን «ተመስገን» ትላለች። ልጁ «የለም» ላይ ምልክት ያደርጋል። እማማ ግን የመለሱት ለእሱ አልነበረም፤ ለፈጣሪያቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ያላዩ ሴት ቢሆኑም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ቅሬታ መዘርገፍ ነውር ነው። በዚያ ላይ ጥያቄው በአሉታ ስለቀረበ «አዎ» ቢሉም አንዱ «አዎ፣ አልነበርኩም» ብሎ፣ ሌላው «አዎ፣ ደስተኛ ነበርኩ» ብሎ ሊሰማው ይችላል። በአማርኛ የአሉታ ጥያቄ ለ«አዎ» እና «የለም» ወረቀት ጠላት ነው።

«ውሳኔ መወሰን ያስቸግርዎታል?»

«ውሳኔውንስ አባወራው ነው የሚወስነው።»

«የዕለት ሥራዎ ተስተጓጉሏል?»

«ምን ሥራ አለኝ፤ ቤት ነው የምውለው።» ይህን የሚሉት ሌሊት ተነስተው ውሃ ቀድተው፣ ጋግረው፣ ከብት አሰማርተው፣ አሁን ደግሞ ቁጭ ብለው እሸት እየፈለፈሉ ነው።

«ቶሎ ይደክምዎታል?»

«እንዴት አይደክመኝ!»

ለዚህኛው «አዎ» ተመዘገበ። ድካሙ ከድብርት ይሁን ከደም ማነስ፣ ወይስ ከዳገቱ፣ ወረቀቱ አይጠይቅም። «የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?» የሚለው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ወይም በረመዳን ሲጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። «ሆድዎን ይረብሽዎታል?» የሚለውም የአንጀት ትል በሞላበት ቀበሌ ሲጠየቅ እንዲሁ ነው። ከሃያው ጥያቄዎች መካከል ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሆድና ስለ ድካም የሚጠይቁት በርካታ ናቸው። በችግርና በሌላ በሽታ ብቻ የተጎዳ ሰው ከእነዚህ ስድስት ሰባት «አዎ» ሊሰበስብ ይችላል።

አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ይህ የሚነገር አይደለም፤ አማቲቱ ጓዳ ሆና እየሰማች ደግሞ ጭራሽ። በሌላ አነጋገር ብትጠይቋቸው፣ «ሞቴን ባመጣው ብለው ለምነው ያውቃሉ?» ብትሉ፣ የሚመጣው መልስ ሊለይ ይችላል። ይለያል ወይስ አይለይም የሚለውን ግን መፈተን እንጂ መገመት አይገባም፤ ሞትን መለመንና ሕይወትን ለማጥፋት ማሰብ አንድ ነገር አይደሉምና።

ሁለተኛው፣ ምክንያቱ ነው። እዚህ አገር መዝገብ ይዞ ስም የሚጽፍ ሰው ሲታይ የመጀመሪያው ግምት የሴፍቲኔት እርዳታ ምዝገባ ነው። ወረቀት የያዘ እንግዳ ችግር ሲጠይቅ ችግርን ማብዛት ምክንያታዊ ነው። ሌላው ደግሞ «አእምሮ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ልጄ ትዳር ታጣለች ብሎ ሁሉንም ይክዳል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ፤ ወረቀቱ ሁለቱንም በአንድ ቁና ይሰፍራል። ቁናው የተሠራው ለየትኛው ገበያ እንደሆነ ካላወቅን የተሰፈረው ስንት እንደሆነ ማወቅ አንችልም።

ከኮርትማን በኋላ ሥራው በሁለት አቅጣጫ ቀጠለ። አንደኛው በእስራኤል ነው። ኔሊ ዚልበርና ራፋኤል ዩንግማን ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ጭንቀት ለመለየት ሲሞክሩ ያው ችግር ገጠማቸው። እነሱም ከቀደምት ኢትዮጵያውያን ሳይካትሪስቶች አንዱ ከሆኑት ከዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህና በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ ከነበረው ከኔዘርላንዳዊው ሮበርት ጊል ጋር ሆነው መጠይቁን አሻሻሉት። ኢትዮጵያውያን ሲጨነቁ የሚሰነዝሯቸውን አባባሎች ጨመሩበት። ሥራቸው በ2008 ታትሟል።

ሁለተኛውና ሰፊው ቡታጅራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች የጉራጌ ከተማ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የጤና ጥናት ቦታ ናት። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት በዚህ መጠይቅ 10,468 አዋቂዎችን ቤት ለቤት አነጋገሩ። መቁረጫ ነጥባቸው 11 ነበር፤ በዚህ ስሌት 17.4 በመቶው የአእምሮ ጭንቀት እንዳለበት ዘገቡ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2008፣ ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቿ በዚያው በቡታጅራ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ያሉ ሴቶችን መጠይቁን ጠይቀው ውጤቱን ከአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ምርመራ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ለእነዚህ ሴቶች የተሻለው መቁረጫ 6 ሆኖ ተገኘ።

አንድ ወረዳ፣ አንድ ወረቀት፣ አንደኛው 11፣ ሌላኛው 6። አንዱ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። የተፈተኑት ሰዎችና የሚፈለገው ነገር የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን በ11 ፋንታ 6ን ብታስቀምጡ የሕመምተኛው ብዛት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን እንደሚችል ማንም ያያል። ጋዜጣ ላይ «በዚህ ዞን ከሦስት ሰው አንዱ» የሚል ርዕስ ስታዩ ከኋላው ያለው የሕዝቡ ሁኔታ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ የመረጠው ቁጥርም አለበት።

ከቡታጅራው ሥራ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የኤድንብራው መጠይቅ ነገር ነው። ኤድንብራ ላይ በ1987 ለወለዱ እናቶች የተዘጋጀ የድብርት መጠይቅ አለ፤ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ቡታጅራ ገጠር ላይ ተፈተነና ወደቀ፤ የታመመችውን እናት ካልታመመችው በቅጡ ሊለያት አልቻለም። ያው መጠይቅ አዲስ አበባ ላይ ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቹ ሲፈትኑት፣ በ2010 እንዳሳተሙት፣ ጥሩ ሠራ፤ መቁረጫው ግን ከኤድንብራው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ነው። በሁለቱም ቦታ የተጠየቀው በአማርኛ ነው፤ ርቀቱ የሦስት ሰዓት የመኪና መንገድ ነው። እና አዲስ አበባ የተፈተነውን መጠይቅ «በአማርኛ ተረጋግጧል» ብሎ ወደ ቦረና፣ ወደ ወግዲ፣ ወደ ከላላ፣ ወደ ሳይንት ይዞ መምጣት በምን ሒሳብ ነው? አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ አንድ ሕዝብ አይደለም። የተማረች የከተማ ሴት ስሜቷን በቁጥር መስፈር ለምዳለች። ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ጊዜ እንዳዘነች ጠይቋት ትነግራችኋለች። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ላለችው ሴት ሳምንቱ በገበያ ቀን ነው የሚቆጠረው፤ ወሩም በሚካኤል ወይም በጨረቃ።

የድብርቱ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9 የሚሉት፣ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ብዙ ገላዬና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል 926 ሰዎችን ፈትነው 10ን መቁረጫ አደረጉ። በ2015 በታተመው የሶዶ ወረዳ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ጥናት ደግሞ የተሻለው 5 ሆነ።

የጳውሎሱን ቁጥር ትንሽ ልቆይበት፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። መጠይቁ ከታመሙት 86 በመቶውን ያገኛል፤ ካልታመሙት 67 በመቶውን በትክክል «ጤነኛ» ይላል። ሲሰሙት አያስከፋም። አሁን ይህን መጠይቅ ይዘን አንድ ሺህ ሰው ያለበት ቀበሌ ገባን እንበል፤ ከሺው በእውነት የታመሙት 100 ናቸው እንበል። መጠይቁ ከመቶው 86ቱን ይይዛል፤ 14ቱ ያመልጡታል። ካልታመሙት 900 ውስጥ ግን 33 በመቶውን፣ ማለትም 297 ሰው፣ «ታማሚ» ይላል። በድምሩ 383 ሰው ተያዘ፤ በእውነት የታመመው 86 ብቻ ነው። ይህን ጥናት ብሎ የሚያሳትም ሰው «38.3 በመቶ ድብርት አለበት» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ 10 በመቶ ነበር።

ቁጥሩ ለወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንስቅ ነበር። ነገር ግን 383 ሰው ወደዚህ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ቢላክ የሚቀበለው ማን ነው? ወደ ደሴ ይላክ ቢባል ደግሞ ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሬውን አስሮ፣ ስንቅ ይዞ፣ የመኪና ሒሳብ ከፍሎ የሄደ ጤነኛ ሰው «ምንም የለብህም» ተብሎ ሲመለስ፣ በሚቀጥለው ዓመት በእውነት ሲታመም አይሄድም። ያመለጡት 14ቱ ደግሞ ቤታቸው ናቸው።

ከጦርነቱ ወዲህ ጉዳዩ ባሰ። በ2021 ደሴና ኮምቦልቻ ከተያዙና ከተለቀቁ በኋላ በወሎ ምድር መጠይቅ ይዞ የሚዞር ብዙ ሆነ። ሥራው መሠራቱ ተገቢ ነው፤ ሰው ተጎድቷል። ነገር ግን ልጇን የቀበረች እናት በአርባኛው ቀን «ያለቅሳሉ? እንቅልፍ ይነሳዎታል? ደስታ ርቆዎታል?» ስትባል ለሁሉም «አዎ» ካላለች ነው የሚያስፈራው። ሐዘን በሽታ አይደለም። መጠይቁ ግን ለይቶ እንዲያውቅ አልተሠራም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ቁጭ ብሎ የሚያነጋግር ሰው ነው።

አሁን ትንሽ ተማሪዎቼን ልቆጣ። የመመረቂያ ጽሑፍ ስታነቡ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ አንቀጽ ታገኛላችሁ፤ በየጽሑፉ አንድ ዓይነት ነው። መጠይቁ በእንግሊዝኛ መምህር ወደ አማርኛ ተተረጎመ፤ በሌላ መምህር ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ፤ በጎረቤት ወረዳ በ5 በመቶው ናሙና ላይ ቅድመ ሙከራ ተደረገ፤ የክሮንባክ አልፋው 0.8 ምናምን ስለሆነ መጠይቁ ተረጋግጧል። አልተረጋገጠም! ሊ ክሮንባክ በ1951 ያወጣው ቀመር የሚነግረን ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ነው። ሃያው ጥያቄ የሴፍቲኔት ምዝገባ መስሎት ለሃያውም «አዎ» ያለ ሰው በበዛ ቁጥር አልፋው ከፍ ይላል። ሁሉም አንድ ላይ ቢዋሹም ተስማምተዋል። ወደ እንግሊዝኛ የመመለሱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሁለት የተማሩ ሰዎች ስለ ቃሉ መስማማታቸውን እንጂ እማማ ምን እንደሰሙ አይነግረንም። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም፤ አማካሪው ያንን አንቀጽ አንብቦ ያልፋል፤ ለሚቀጥለውም ያው ይቀዳል።

ማረጋገጥ ማለት አንድ ነገር ነው። የመጠይቁን ውጤት ከሌላ፣ የበለጠ ከምናምነው ምርመራ ጋር ማጋጠም። ያም ምርመራ ፍጹም አይደለም፤ ሳይካትሪስቱም የተማረው ከመጽሐፍ ነው፣ መጽሐፉም የተጻፈው ሌላ አገር ነው። በዚህ ክርክር ብዙ አልቆይም። ሁለት ባለሙያዎች አንድን ሰው ለየብቻ አይተው ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካበት መንገድ ከ1960 ጀምሮ አለ፤ መጀመሪያ እነሱ ይስማሙ፣ ከዚያ መጠይቁን እንፈትን።

ከዚህ የተሻለ መንገድ የሄደ አገር ዚምባብዌ ነው። ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቹ ሃራሬ ላይ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሕመምተኞችና ወደ ባህል ሐኪሞች ነበር፤ ሰዎች ሲጨነቁ በሾና ቋንቋ ምን እንደሚሉ ሰበሰቡ። «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ቃል አገኙ፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። ከሕዝቡ አፍ ከተሰበሰበው 14 ጥያቄ ያለው የሾና መጠይቅ ወጣ፤ በ1997 ታተመ። ነገሩ ከመጽሔት አልፎ ሄደ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ ሰውን የሚለዩት በዚያው መጠይቅ፣ የሚረዱት በማነጋገር ነው። ሕክምናው መሥራቱ በሙከራ ተረጋግጦ በ2016 በአሜሪካን ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታትሟል። እዚያ የደረሱት ወረቀቱ የሕዝቡን ቋንቋ ስለሚናገር ነው።

ወሎ ለዚህ ሥራ ድሃ አይደለም። ሰው ሲጨንቀው ለጸሎት ወዳጃ ይቀመጣል፤ ዱአ ያስደርጋል፤ ጠበል ይገባል። እዚያ የሚነገረውን ሰምቶ የሚጽፍ ሰው ብናገኝ የመጠይቁ ግማሽ ሥራ አለቀ። ሼሆቹና ቄሶቹ ዛሬ እዚህ ስላላችሁ እላለሁ፤ ማን በሐዘን እንደመጣ፣ ማን ከሐዘን አልፎ እንደታመመ ከሁላችን ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ምስጢር አውጡ አልልም። አባባሉን ግን አስተምሩን።

እዚህ አካባቢ መጠይቅ ቢፈተን እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ። ጥያቄዎቹ ጠረጴዛ ላይ ከመጽደቃቸው በፊት ከደንቆሮ ጫካ አጠገብ ካለው ደጋ፣ ከወይና ደጋውና ከዓባይ ቆላ በተመረጡ ሰዎች ፊት ይነበቡ፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ «ምን ማለት መሰለዎት?» ይባል፤ መልሱ ቃል በቃል ይጻፍ። ይህ የኮርትማን ዘዴ ነው፤ ቴፕና ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም ይኑርበት። ሴትን ሴት ትጠይቃት፤ አማቲቱ በሌለችበት፣ ወንዝ ዳርም ቢሆን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠይቅ ወይስ ከውጭ የመጣች ሴት የሚለው ራሱ ይፈተን፤ የምታውቃት ሰው ፊት የምታፍር አለች፣ የማታውቀው ሰው ፊት የማትከፈትም አለች። በክረምቱ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት በነሐሴ አካባቢ፣ አንድ ጊዜ፤ እህል በገባበት በጥር ደግሞ አንድ ጊዜ ይደረግ፤ ሁለቱ ወራት የሚሰጡት ድምር አንድ ከሆነ በጣም እገረማለሁ። ከዚያ ከደሴ የሚመጡ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች፣ የመጠይቁን ድምር ሳያውቁ፣ እነዚያኑ ሰዎች ለየብቻ ይመርምሩ። ሳያውቁ የምለው ለነገሩ ክብደት ነው፤ ድምሩን ያየ ሐኪም ድምሩን ነው የሚመረምረው። ከዚያ በኋላ ነው 5 ይሁን 6፣ 8 ይሁን 11 የሚለው የሚወሰነው። ምናልባትም ከሃያው ጥያቄ ግማሹ ይጣል ይሆናል፤ ይጣል።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው። ሆስፒታልም እዚሁ አለን። በሥራው የሚጠየቀው ገንዘብ ከአንድ ትልቅ የቤት ለቤት ጥናት አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል፤ በጥቂት መቶ ሰዎች ይሠራልና። ያልተፈተነ መጠይቅ በአሥር ሺህ ሰው ላይ ከማዞር የተፈተነ በሁለት መቶ ሰው ላይ ማዋል ይበልጣል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተዋችሁ። መጠይቁ ይፈተንም አይፈተን፣ ለአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ «አዎ» ያለ ሰው በድምር ውስጥ አይጠበቅም። ድምሩ 1 ቢሆንም ያቺ አንዷ በቂ ናት፤ ጠያቂው ወረቀቱን አጥፎ ያንኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው። እሱን ለማድረስ ያልተዘጋጀ ጥናት ያንን ጥያቄ ባይጠይቅ ይሻላል።

የቀበሌና የወረዳ ኃላፊዎች፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላትም ከመካከላችሁ እንዳሉ ተነግሮኛል። ነገ መጠይቅ ይዞ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቃችሁ ሲመጣ ስለ ናሙናው ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት መቁረጫ ነጥቡን ጠይቁት፦ ስንት ነው? በማን ላይ ተፈተነ? የት? መልስ ከሌለው ደብዳቤውን አትስጡት።